ጫን፣ ተናገር፣ ልቀቅ፣ ስማ

ተሰብሰቡማ። ወደ ጥዱ ጥላ ጠጋ ጠጋ በሉ። እናንት ልጆችም ጨዋታችሁን ለጊዜው ተዉት፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መርከብ ነው።

“ላስታ ተራራ ላይ የምን መርከብ አመጣህብን?” የሚለኝ አይጠፋም። ይህ የተሰበሰብንበት ደብር፣ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ግን ለውሃ ወሬ እንግዳ አይደለም። አባቶች ሲተርኩ ሰምታችኋል፤ ስሙን የተሸከመለት ንጉሥ ይህን ቤተ መቅደስ በዋሻው ውስጥ ሲያንጽ ከሥሩ ያገኘው ደረቅ መሬት አልነበረም፤ ውሃ ነበር፣ ረግረግ ነበር። በዚያ ላይ እንጨት ረበረበ። ከዚያም እንደ አክሱም ሰዎች አሠራር አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ በኖራ እያፈራረቀ አቆመው። ይህ የሆነው በዛጉዌ ዘመን፣ ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት ነው። ከመቅደሱ ጀርባ ደግሞ ዐፅማቸው ያረፈ ተሳላሚዎች አሉ። ቁጥራቸው 5,740 ነው ይባላል፤ ከግብፅም፣ ከሶርያም፣ ከኢየሩሳሌምም የመጡ አሉባቸው ይባላል። ወሬው እውነት ከሆነ እነዚያ ሰዎች የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ከመውጣታቸው በፊት ባሕር ተሻግረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው አትበሉ። የላስታ ልጆችም ዛሬ ባሕር ላይ ናቸው፤ አንዳንዱ ደመወዝ እየተከፈለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከፍሎ። ሁለቱንም እደርስባቸዋለሁ።

ታዲያላችሁ፣ ዘመኑ 2001 ዓ.ም.፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ ቀኑ 4 ነው። እዚህ ደጋው ላይ የበዓታ ማግሥት ነው፤ ገበሬው ከአጨዳና ከውቂያ ጋር ይታገላል። በዚያው ዕለት በኤደን ባሕረ ሰላጤ አንዲት የጭነት መርከብ ትጓዛለች። ስሟ ጊቤ ነው። የሚውለበለብባት ሰንደቅ ዓላማ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። የኛው ናት።

ያን ጊዜ ያ ባሕር የሽፍታ አገር ሆኖ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ታንክ የጫነችው ፋይና ተይዛለች፤ በኅዳር ደግሞ ሲሪየስ ስታር የምትባለው ግዙፍ የሳውዲ ነዳጅ ጫኝ ተይዛ ዓለም ጉድ ብሏል። ጊቤንም ሁለት ጀልባዎች እየተኮሱ ተጠጓት። የጭነት መርከብ ከትንሽ ፈጣን ጀልባ ሮጣ አታመልጥም። ፖሊስ የለ፣ ሚሊሻ የለ፣ ጎረቤት የለ። የቀራት ነገር ድምፅ ነበር። በሬድዮ የድረሱልኝ ጥሪ አሰማች።

ጥሪው ባዶ ባሕር ላይ አልቀረም። ብዙም ሳይርቅ ማይሶር የተባለ የሕንድ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ ነበረና ሰማ። ሄሊኮፕተር አስነሣ፣ ኮማንዶዎቹን ላከ። ጀልባዎቹ ሊሸሹ ቢሞክሩም አልቻሉም። 23 ሰዎች ተያዙ፤ 12ቱ ሶማሌዎች፣ 11ዱ የመናውያን። ክላሽንኮቭና የሮኬት ማስወንጨፊያ ተገኘባቸው፤ በኋላም ለየመን ተላልፈው ተሰጡ። ጊቤም በሰላም መንገዷን ቀጠለች።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ሄሊኮፕተሩና ስለ ኮማንዶው ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ጥይት እየጮኸ የሬድዮውን እጀታ አንሥቶ መርከቧ ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች፣ ምን እንደገጠማት ሰሚ በሚገባው ቋንቋ የሚናገር ሰው ከየት ይገኛል? እንዲህ ያለ ሰው ተወልዶ አይገኝም፤ ሠልጥኖ ነው የሚገኝ። ሥልጠናውም የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ ደግሞ በብዙ ሬሳ ላይ የተጻፈ ነው።

ለዚህ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። 1904 ዓ.ም. ነው። እዚህ አገር አጼ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ናቸው። ሚያዝያ 6 ሌሊቱን ታይታኒክ የምትባለው መርከብ በሰሜን አትላንቲክ በረዷማ ባሕር ላይ ትከንፋለች። የበረዶውን ነገር ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሬድዮዎቹን ልጆች ታሪክ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ልጆች የምለው ልጆች ስለነበሩ ነው። ታይታኒክ ላይ ጃክ ፊሊፕስ 25 ዓመቱ፣ ረዳቱ ሃሮልድ ብራይድ 22። በአቅራቢያዋ ባለችው ካሊፎርኒያን ላይ ሲሪል ኢቫንስ 20። ራቅ ባለችው ካርፓቲያ ላይ ሃሮልድ ኮታም 21።  የዚያን ሌሊት የስንት ሺህ ሰው ነፍስ ግን በእነዚህ አራት ልጆች ጆሮና ጣት ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ካሊፎርኒያን በበረዶ ተከባ ቆማለች። ኢቫንስ ይህንኑ ለታይታኒክ ሊነግር ሬድዮውን ነካ። ፊሊፕስ ግን የተሳፋሪዎች ቴሌግራም ተከምሮበት ወደ የብስ እያስተላለፈ ነበርና ሥራ ላይ ነኝ፣ ዝም በል ብሎ አባረረው። ኢቫንስ ለብቻው ነው፣ ተለዋጭ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሏል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሬድዮውን ዘግቶ ተኛ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ታይታኒክ ከበረዶው ተጋጨች። ፊሊፕስ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ቢጣራም ቅርብ ያለው ጆሮ እንቅልፍ ወስዶታል። የሰማው ኮታም ነው፤ እሱም ለመተኛት ልብሱን እያወለቀ ሳለ ማዳመጫውን ከጆሮው ስላላነሣ ብቻ። ካርፓቲያ 58 የባሕር ማይል ያህል ገስግሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ደረሰች። ከ700 በላይ ሰው ከጀልባ ላይ አነሣች። 1,500 ያህሉ ግን አልቋል። ፊሊፕስም አልተረፈም።

ሌላም አለ። ፊሊፕስ የላከው አድራሻ ስሕተት ነበር። የመርከቧን ቦታ አስልተው የሰጡት መኮንኖቹ ናቸው፤ እሱ የሰጡትን ላከ። ስብርባሪዋ እ.ኤ.አ. በ1985 ከባሕሩ ወለል ሲገኝ ከተላከው ቦታ 13 የባሕር ማይል ያህል ርቆ ነው። ካርፓቲያ ጀልባዎቹን ያገኘቻቸው ስትመጣ መንገዷ ላይ ስለተገኙ ነው። ባይሆንማ ኖሮ ባዶ ውሃ ላይ ስትዞር ታድር ነበር።

ሦስት ነገር ያዙልኝ። አንዱ ጆሮ ተኛ፤ አንዱ አፍ በሌላ ወሬ ተጠመደ፤ አንዱ አድራሻ ተሳሳተ። ከዚያ ወዲህ የወጣው የመርከብ ሬድዮ ሕግ ሁሉ፣ የሚሰጠው ሥልጠና ሁሉ፣ እነዚህን ሦስቱን ላለመድገም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው ሶላስ የሚባለውን የመጀመሪያውን የባሕር ላይ ነፍስ አድን ስምምነት ተፈራረሙ። ሬድዮው ላይ ፈቃድ ያለው ሰው ይቀመጥ፣ ማዳመጡም አይቋረጥ ተባለ። በኋላም አንድ ደንብ መጣ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። በሞርስ ዘመን፣ መልእክት በነጥብና በሰረዝ በሚላክበት ጊዜ፣ የአደጋ ጥሪ የሚሰማበት መስመር አንድ ነበር። በየሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ደቂቃ እና ከ45ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ፣ የዓለም መርከብ ሁሉ በዚያ መስመር ላይ ዝም ይል ነበር። የሬድዮ ክፍሉ ሰዓት ላይ እነዚያ ሦስት ሦስት ደቂቃዎች በቀይ ተቀብተዋል። ዘንጉ ቀዩ ላይ ሲደርስ የፈለገ ጉዳይ ይኑርህ፣ እጅህን አንሥተህ ታዳምጣለህ። ምናልባት የደከመ ጥሪ ከሩቅ ይኖር ይሆናል። ዝም ማለት ሕግ ሆኖ የተጻፈበት ሥራ ነው።

ጊዜ ሄደ፣ ሳተላይት መጣ። ጥር 24 ቀን 1991 ዓ.ም. በባሕር ላይ ያለው የሞርስ ዘመን በይፋ አበቃ፤ ጂኤምዲኤስኤስ የሚሉት የዓለም የባሕር አደጋና ደኅንነት የመገናኛ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ ሥራው ሬድዮ ብቻ የነበረው መኮንን ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ታዲያ ሥራው አብሮት ወረደ? አልወረደም። መርከቧን የሚመሩት መኮንኖች ትከሻ ላይ ዐረፈ። ዓለም አቀፍ ጉዞ የምታደርግ የመንገደኛ መርከብ ሁሉ፣ ከ300 ግሮስ ቶን የማታንስ የጭነት መርከብም ሁሉ፣ በአደጋ ጊዜ ሬድዮውን በኃላፊነት የሚይዝ ፈቃድ ያለው ሰው ለይታ ማሳወቅ አለባት። ጭንቅ ሲመጣ “ማን ይደውል?” ተብሎ አይጠየቅም፤ ሰውየው አስቀድሞ ይታወቃል።

“እሺ፣ ያ ሰው ምን ይማራል?” አላችሁኝ?

አንድ የላስታ ልጅ እንውሰድ። ስም አላወጣለትም፤ የማናችሁም ልጅ ሊሆን ይችላል። 18 ዓመት መሙላት አለበት። ሐኪም ያየዋል፤ ጆሮው ይሰማል ወይ፣ ንግግሩ ጥርት ያለ ነው ወይ ይባላል። ከዚያ ክፍል ይገባል። በብዙ አገር ዋናው ኮርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው።

መጀመሪያ የሚማረው ባሕሩ እንዴት እንደተከፈለ ነው። ከባሕር ዳርቻ ጣቢያ ቪኤችኤፍ በሚባለው የቅርብ ርቀት ሬድዮ የሚሰማበት ቅርቡ ክልል ኤ1 ይባላል። ራቅ ያለው፣ በመካከለኛ ሞገድ የሚደረሰው ኤ2 ነው። መርከቧ የምትጠቀምባቸው ሳተላይቶች የሚያዩት ሰፊው ውቅያኖስ ኤ3 ነው። ሳተላይቶቹ የማያዩት ካለ፣ እንደ ዋልታው ጫፍ ያለው፣ ኤ4 ነው። ምስክር ወረቀቱም በዚሁ ይለያል፤ ኤ1ን ብቻ ለሚሠራ የተገደበው ወረቀት ይበቃዋል፤ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ግን አጠቃላዩ የኦፕሬተር ምስክር ወረቀት ግድ ነው። ሬድዮውን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ደግሞ ከዚህ ከፍ ያለ የራሳቸው ደረጃ አላቸው።

ሁለተኛው እጅ ነው። ቪኤችኤፉ ላይ ክዳን ያላት ቀይ ቁልፍ አለች። ክዳኑን ገልጦ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይይዛታል፤ ለአፍታ ነክቶ መልቀቅ አይሠራም፤ በክርን ተገፍታ እንዳትጮህ ነው እንዲህ የተሠራችው። ያን ጊዜ መሣሪያው ሰው ሳይናገር ራሱ በ70ኛው ቻናል ይጮሃል። የመርከቧን ባለ ዘጠኝ አኃዝ መለያ ቁጥር፣ ያለችበትን ቦታና ሰዓቱን ይልካል። መልስ እስኪያገኝ ድረስ በየአራት ደቂቃው ገደማ ይደጋግመዋል። ለኢትዮጵያ መርከብ የተሰጠው ቁጥር በ624 ይጀምራል፤ ሰሚው ገና ሳይነጋገር የማን አገር መርከብ እንደሆነች ያውቃል።

ከዚያ የሰው ተራ ነው። 16ኛው ቻናል ላይ ይገባል፣ እጀታውን ያነሣል። እዚህ ላይ ነው አዲስ ተማሪ ሁሉ የሚወድቀው። ቁልፉን ሳይጫን መናገር ይጀምራል፤ የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች። ወይም ተጭኖ ተናግሮ ሲያበቃ ጣቱን ማንሣት ይረሳል፤ ድንጋጤ ጣት ያደርቃል። ጣቱ ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ደግሞ ምንም አይሰማም። ሊያድነው የሚችለው መርከብ እየመለሰለት፣ እሱ መልስ አጣሁ ብሎ ሊያለቅስ ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኙ ደጋግሞ ያስለምደዋል። ጫን። ተናገር። ልቀቅ። ስማ።

ሦስተኛው የንግግሩ ቅደም ተከተል ነው። ሜይዴይ ሦስት ጊዜ። የመርከቧ ስም ሦስት ጊዜ፣ የጥሪ ምልክቷና መለያ ቁጥሯ። እንደገና ሜይዴይና ስሟ አንድ ጊዜ። ከዚያ ቦታዋ። ከዚያ ምን እንደገጠማት። ከዚያ ምን ርዳታ እንደምትፈልግ። ከዚያ በመርከቡ ላይ ያለው ሰው ብዛትና ለአዳኙ የሚጠቅም ሌላ ነገር። ቦታው ከችግሩ እንደሚቀድም ልብ በሉ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ከማዶ ሸንተረር ላይ ኡኡታ ሲሰማ ዱላውን ይዞ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው “ምን ሆንክ?” ብሎ አይደለም፤ “የት ነህ?” ብሎ ነው። ችግሩን ሲደርስ ያየዋል። ቦታውን ካላወቀ ግን አይደርስም። የመርከቡ ልጅም ከንግግሩ መሀል ቢቋረጥ፣ ባትሪው ቢሞት፣ ውሃ ቢገባበት፣ ቢያንስ ቦታው ወጥቷል።

አራተኛው ፊደል ነው። በባሕር ላይ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው። ማዕበል እየጮኸ የሁለት ፊደል ድምፅ ይቀላቀላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ስም አለው። ጊቤን ለመጻፍ ጎልፍ፣ ኢንዲያ፣ ብራቮ፣ ኤኮ ይባላል። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት የሚጀምርባቸው ሁለት ፊደላት ደግሞ ኤኮ፣ ታንጎ ናቸው። ልጁ ይህን በእንቅልፍ ልቡ እስኪለው ድረስ ይደጋግመዋል። የዚህ አገር የቆሎ ተማሪ ዳዊት ሲደግም ያየ ሰው ይህ አያስፈራውም።

አምስተኛው ላይ ብዙ ሰው አያስብም፤ የሌላውን ጥሪ መስማት ነው። ሜይዴይ የሰማ መርከብ ወዲያው ዘሎ አያወራም። የባሕር ዳርቻ ጣቢያ ይመልስ ይሆናልና ትንሽ ይጠብቃል፤ ማንም ካልመለሰ እሱ ይመልሳል፣ ጥሪውንም ተቀብሎ ለሌላ ያስተላልፋል። የአደጋው ንግግር እስኪያበቃ ድረስ ያ መስመር የማንም ወግ አይገባበትም። ከሜይዴይ በታች ደግሞ ሁለት ደረጃ አለ፤ ፓን ፓን አጣዳፊ ሆኖ ገና ለሞት ላልደረሰ፣ ሴኪዩሪቴ ለማስጠንቀቂያ። ሁሉን ነገር ሜይዴይ የሚል ሰው የኋላ ኋላ የሚሰማው አያገኝም።

በስሕተት ቀዩን ቁልፍ የነካ ልጅስ? መሣሪያውን አጥፍቶ ዝም ማለት ያምረዋል። ከሁሉ የከፋው ጥፋት ይኸው ነው፤ የሌለ አደጋ ፍለጋ ሰውና ሄሊኮፕተር ባሕር ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በድምፅ ወጥቶ፣ ስሙን ተናግሮ፣ የቅድሙን ጥሪ ሰርዙልኝ ማለትን ይማራል። ዕፍረቱን መዋጥም የኮርሱ ክፍል ነው።

ስድስተኛው የየዕለቱ አሰልቺ ሥራ ነው፤ መርከብ የሚያድነው ግን እሱ ነው። መሣሪያው በየቀኑ ይፈተሻል፣ የባትሪው ኃይል በየቀኑ ይታያል፣ በየሳምንቱ የሙከራ ጥሪ ይላካል፣ የእጅ ሬድዮዎቹ በየወሩ ይሞከራሉ፤ ሁሉም በሬድዮ መዝገቡ ላይ ይጻፋል። ከሞተሩ ክፍል መብራት ቢጠፋ እንኳ ሬድዮው የራሱ ተጠባባቂ ኃይል አለው። መርከቧ ሰምጣ ተናጋሪም ቢጠፋ ኢፐርብ የሚሉት ተንሳፋፊ መሣሪያ ይቀራል። ጥቂት ሜትር ሲሰምጥ የውሃው ግፊት ከማሠሪያው ይፈታዋል፤ ብቅ ብሎ ለ48 ሰዓት ወደ ሳተላይት ይጣራል። ግን ማሠሪያውን ቀለም ቀቢ በስሕተት ከቀባው፣ ባትሪው ዘመኑ ካለፈ፣ አይጣራም። ይህን የሚያይ የሠለጠነ ዓይን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፈተና አለ፤ የቃል አለው፣ የጽሑፍ አለው፣ የእጅ ሥራ አለው። ያለፈ ወረቀቱን ያገኛል። ወረቀቱ ግን ለዘላለም አይደለም። ባሕር ላይ ለሚሠራበት በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ በቅርብ ዓመታት ባሕር ላይ መሥራቱን ያሳያል፣ ወይም እንደገና ሠልጥኖ ይፈተናል። አፍ ካልተለማመደ ይዶለዱማልና።

“ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ወደብ የለን” ትሉኝ ይሆናል። ወደብ ማጣት ባንዲራ ማጣት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 ባርሴሎና ላይ የተፈረመው መግለጫ የባሕር በር የሌለው አገር መርከብ በራሱ ባንዲራ መጓዝ እንደሚችል አስታውቋል። የእኛ የመርከብ ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ። ኤርትራ ስትለይም መርከቦቹ ባሕር ላይ ቀሩ። በኋላ ከቻይና የመጡት አዳዲሶቹ ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ አሶሳ፣ ሰመራ፣ መቀሌ፣ ጋምቤላ እየተባሉ ተሰየሙ፤ የደጋና የቆላ ከተማ ስም ተሸክመው ባሕር ያቋርጣሉ። እያንዳንዳቸው ላይ ደግሞ ያ ወረቀት ያለው ሰው የግድ ነው።

ማሠልጠኛውም ከባሕር ርቆ ነው ያለው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ የማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ አለ። ጣና ዳር በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የማሪታይም ማሠልጠኛ አለ፤ መካኒካልና ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁትን ወስዶ የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን ያደርጋቸዋል። እነዚህ ኤሌክትሪክ መኮንኖች በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የመርከቧን የመገናኛ መሣሪያ የመጠገንና የመንከባከብ ሥራ አለባቸው። ማለትም ከላስታ ተነሥቶ ምሕንድስና የተማረ ልጅ ነገ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ሬድዮ እጁ ላይ ይሆናል።

ላሊበላም ቢሆን ከባሕር ወሬ ርቃ አታውቅም። መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን የጎበኙ ዕለት፣ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል እንደገና ለማቋቋም የሚረዳ ስምምነት ተፈርሟል። ስለ ባሕር በር አገሩ ሁሉ ሲያወራ ትሰማላችሁ፤ ስለ መርከብም፣ ስለ መድፍም። ስለ ሬድዮው ሰው ሲወራ ግን እምብዛም አልሰማሁም። መርከብ ይገዛል፣ ይከራያል። በጭንቅ ሰዓት ቦታውን ከችግሩ አስቀድሞ የሚናገር ሰው ግን በልምምድ ብቻ ነው የሚገኝ።

አሁን ወደ ሌሎቹ ልጆች ልምጣ፤ ከፍለው ባሕር ላይ የሚወጡት።

ታውቋቸዋላችሁ። ከዚህ ከወሎ ተነሥተው፣ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ጂቡቲ፣ ወይም በሶማሊያ በኩል፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳውዲ። ስንቱ ቤት የተላከ ገንዘብ አለ፤ ስንቱ ቤት ደግሞ ፎቶግራፍ ብቻ። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቦሳሶ የተነሣች ጀልባ 260 ሰው ይዛ ከየመን ጠረፍ አጠገብ ተገለበጠች። 145ቱ ኢትዮጵያውያን፣ 115ቱ ሶማሌዎች ነበሩ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በማግሥቱ ባወጣው ቁጥር 49 ሞተዋል፣ 140 የደረሱበት አልታወቀም፣ 71 ተርፈዋል። በዓመቱ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎቿ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ሌላ ጀልባ በየመን አብየን ጠረፍ ሰጠመች።

ጊቤ ጥሪዋን ያሰማችው በዚያው ባሕረ ሰላጤ ነው። ውሃው ያው ውሃ ነው። በዚያ መስመር በየቀኑ የዓለም የንግድ መርከብ ያልፋል፤ በየመርከቡ የመሪ ክፍል 16ኛው ቻናል ክፍት ነው፣ ወረቀት ያለው ሰው አለ። በባሕር ላይ የሚሰጥም ሰው ያለበትን የሰማ ካፒቴን መርከቡንና ሰዎቹን ለከፋ አደጋ ሳያጋልጥ መርዳት ከቻለ፣ ፈጥኖ መድረስ ግዴታው ነው፤ ሕጉ የማን አገር ሰው ነህ፣ ወረቀት አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጆሮው አለ ማለት ነው። የሕገወጥ አሻጋሪ ጀልባ ላይ ግን አፍ የለም። መለያ ቁጥር የላት፣ የጥሪ ምልክት የላት፣ ቀይ ቁልፍ የላት፣ ቦታዋን የሚያውቅ ሰው የላት። አሻጋሪው እንዲያውም እንዳይሰማ ነው የሚፈልገው፤ ጨለማን መርጦ የሚነሣው ለዚያ ነው። 260 ሰው በአንድ ድምፅ ቢጮህ ማዕበሉን አልፎ ግማሽ ማይል አይሄድም። አንድ የሠለጠነ ልጅ በአንድ አውራ ጣት ግን ከአድማስ ማዶ ይሰማል።

ወሬዬ ይኸው ነው። ልጆቻችንን አትሂዱ ብዬ ልከለክል አልተነሣሁም፤ ድርቅም ጦርነትም ያየ አገር ልጁን በምክር ብቻ አያስቀምጥም። ግን ጠይቁ። ልጃችሁ መርከብ ላይ ልቀጠር ነው ብሎ ደስ ብሎት ሲመጣ፣ እልል በሉለትና የሬድዮ ወረቀትህ መቼ ነው የሚታደሰው በሉት። ልጃችሁ በጀልባ ልሻገር ነው ብሎ ከብት ሽጡልኝ ሲል ደግሞ፣ ከብቱን ከመሸጣችሁ በፊት አንዲት ነገር ጠይቁት፤ ያቺ ጀልባ የተገለበጠች እንደሆነ፣ ያላችሁበትን ቦታ የሚናገር ማን ነው? መልስ ካላገኘ፣ ደላላውን ይጠይቀው። ደላላውም መልስ ከሌለው፣ ከብቱ በረቱ ውስጥ ይደር።